ወደ ሀፍሷ ደሴት ስለምንሄድበት ጉዳይ

ለውድ ወንድሜ ለሰሚር ሀያቱ፣
ጆሃንስበርግ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? ቀኑን ሙሉ ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ መዋሉ እንደጎዳህ ባለፈው ነግረኸኝ ነበር፤ ተሻለህ ወይ? እዚያ ብርዱ የሚገባው በዚህ ወር ነው ሲሉ እሰማለሁ። የላክሁልህን ጋቢ አውጥተህ ልበሰው፤ ለእንግዳ ብለህ ሻንጣ ውስጥ አታስቀምጠው። ሰፈራችሁስ ሰላም ነው? ሱቁን በጊዜ ትዘጋለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ በደህና አለን። እማዬ ደም ግፊቷ ወረድ ብሎላታል። ባለቤቴ ሰዓደት ደህና ናት። ነጅሚያ ሁለት የፊት ጥርሷ ወልቆ አፏን ሸፍና ነው የምትስቀው። የቸገረን ነገር ቢኖር የአንተ ናፍቆትና አሁን የምጽፍልህ ጉዳይ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ የጻፍኩልህ ወድጄ አይደለም። እማዬ ስልክ በተደወለ ቁጥር ድምፁን ከፍታ ለቤቱ ሁሉ ታሰማለች። አንተም የድምፅ መልእክት ስልክልህ ሱቅህ ውስጥ ደንበኛ እያስተናገድክ እንደምትከፍተው አውቃለሁ። የሰባተኛ ሰፈሩ ሙስዓብ ለዕቃ ወደ እናንተ ስለሚመጣ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። አንብበህ ስትጨርስ ቅደደው።

አንተ የነገሩን ግማሽ ብቻ ስለምታውቅ ከመጀመሪያው ልጻፍልህ። አባባ ጥር 3 ቀን ሲያርፍ እህታችን ሀፍሷ የስድስት ወር ተኩል እርጉዝ ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶባት ስለነበር የደሴቱ ሐኪም ከአልጋ እንዳትወርድ ከልክሏት ነበር። በቀብሩ ማግስት ቤት ውስጥ ተቀምጠን ለባሏ ለቡርሃን ብቻ እንንገር፣ እሷ እስክትወልድ ይደበቅ አልን። ቡርሃን ሰምቶ አለቀሰ፤ እዚህ ሰባተኛ ግቢያችን ውስጥ ተከራይቶ በነበረባቸው ጥቂት ወራት ከአባባ ጋር ምን ያህል እንደተዋደዱ ታውቃለህ። ከዚያም በዚያች በተሰባበረች አማርኛው፣ እሷ ምንም አትሰማም፣ እኔ በር ነኝ አለኝ።

አንተን ኃይለየሱስና የአገር ልጆች ዘጠኝ ሆነው በማለዳ ሱቅህ በር ላይ ቆመው አረዱህ። ዘጠኝ ሰው ያዘህ። አብሮህ የሚያለቅስ፣ ውሃ የሚያቀርብልህ፣ ሦስት ቀን ሱቅህን የሚጠብቅልህ ሰው ነበረህ። ሀፍሷ ባለችበት ከተማ ግን አማርኛ የሚያውቅ ሰው ባሏ ብቻ ነው። እማዬ ገና ድንኳኑ ሳይነሳ ያለችው ይህንኑ ነው። «ልጄ በስልክ አትረዳም፤ ሁላችንም ሄደን ነው የምንነግራት» አለች። ከዚያ በኋላ ማንም ሌላ ሐሳብ አላመጣም።

ሰበብ መፈለግ አላስፈለገንም፤ ሰበቡ ተዘጋጅቶ ጠበቀን። ሀፍሷ አምና ጀምሮ ለአረፋ ሁላችሁም እኔ ዘንድ መጥታችሁ ተዝናኑ ስትል ነበር። ከሁላችን ቀድሞ እሺ ያለው አባባ ነው። ፓስፖርት አወጣ፤ ፎቶ አንሺውን ጢሜን አጠቆርከው ብሎ ተጣላው። ሸማ ተራ ላይ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ፣ ልጄ የምትኖረው ከባህር ውስጥ ፈንድቶ በወጣ ተራራ ላይ ነው፣ ሄጄ አየዋለሁ እያለ ያወራ ነበር። ስለዚህ ጉዞውን አልሰረዝነውም። ለእሷ ሽርሽር፣ ለእኛ መርዶ ሆነ። ልጁ እስኪወለድ፣ አርባዋ እስኪወጣ፣ የእማዬም ኢዳ፣ የመበለትነት ሐዘኗ፣ እስኪያልቅ ጠበቅን። ኢዳዋ ግንቦት 11 ያበቃል። ትኬታችን ለእሑድ ግንቦት 16 ነው። እማዬ፣ እኔ፣ ሰዓደትና ነጅሚያ ነን የምንሄደው። ሰኞ ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ሀፍሷ ገና እህል ሳትቀምስ እንነግራታለን ብለን ተስማማን።

መስማማቱ ቀላል ነበር። ያስቸገረኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሀፍሷ ሽርሽሩን በየሳምንቱ በስልክ ታቅዳለች። ማክሰኞ በሰሜን በኩል ያለውን የጨው ሐይቅ እናያለን፤ ረቡዕ አረፋ ነው፣ የቡርሃን እናት ቤት እናከብራለን፤ ሐሙስ መኪና እስከሚደርስበት ድረስ ተራራው ላይ እንወጣለን፤ እማዬ ከላይ ሆና ባህሩን በሁለቱም በኩል ታየዋለች ትላለች። እኔ እሺ እላለሁ። ሚያዝያ ውስጥ ደግሞ የሁላችንን የጫማ ቁጥር ጠየቀችኝ። መሬቱ ድሮ የፈሰሰ እሳት የደረቀበት ጥቁር ድንጋይ ስለሆነ ስስ ጫማ ይበላል አለች። የእማዬን ነገርኳት፣ የሰዓደትን፣ የነጅሚያን፣ የእኔን። የአባባስ አለች። አርባ ሁለት አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ሱቅ ውስጥ ለደንበኛ ላሳይ ይዤው የነበረውን ነጠላ ጥለቱ ድረስ ጨብጬ አጨማድጄው ነበር፤ ደንበኛዋ ሌላ አምጣልኝ አለች።

አባባን ለምን እንደማታገኘው ስትጠይቅ አገር ቤት ነው እንላታለን። የመሬት ጉዳይ ከወንድሞቹ ጋር ሊጨርስ ሄዷል፣ እዚያ ደግሞ ኔትወርክ የለም። አራት ወር ሙሉ የማያልቅ የመሬት ጉዳይ። በቪዲዮ ስትደውል ሰዓደት ስልኩን ወደ መስኮቱ አዙራ ነው የምትይዘው፤ አባባ የሚቀመጥበት መደብ ባዶውን እንዳይታይ። ነጅሚያን አያትሽ የት ነው ብትልሽ አገር ቤት በይ አልናት። አንድ ቀን፣ አባዬ ይህ ውሸት ኃጢአት የሚሆነው ለእኔ ነው ለአንተ ብላ ጠየቀችኝ። ለእኔ ነው አልኳት።

ልጁ ሲወለድ ሌላ ስጋት ያዘን። በቤታችን የልጅ ስም የሚያወጣው አባባ እንደነበር ታውቃለህ፤ ነጅሚያንም ያወጣት እሱ ነው። ሀፍሷ አባባ ስም ይላክልኝ ትላለች ብለን ፈራን። ሌላውን ሁሉ ውሸት ዋሽቻለሁ፣ ከሞተ ሰው አፍ ስም ማውጣት ግን አልችልም ብዬ ለእማዬ ነገርኳት። ሀፍሷ አልጠየቀችም። ማሙሽ እያልን እንጠራዋለን አለች እንጂ ስም አላነሳችም። አላህ አተረፈን አልን።

እዚህም ሰው አላስቀመጠኝም። መርካቶ ለአረፋ ሰው ወደ አገር ቤት ሲወርድ እኛ ወደ ባህር ልንሄድ ነው። አጎታችን ሸምሱ ከወራቤ መጥተው ሁለት ሰዓት ሱቄ ተቀመጡ። አባትህ በሞተ በመጀመሪያው አረፋ የበሬውን ገመድ የሚይዘው የበኩር ልጁ ነው፤ አንተ ከሌለህ ሰው ሀያቱ ወንድ ልጅ አልነበረውም ይላል አሉኝ። ሀፍሷን የምታረዳት እናቷ ናት፣ አንተ እዚህ ቁም አሉ። እማዬን ብቻዋን ባህር ማዶ መላክ አልችልም አልኳቸው። እሳቸውም ሻዩን ሳይጨርሱ ተነሡ። ሲወጡ ሰላም አሉኝ፣ እጄን ግን አልሳሙትም። ከአረፋ በኋላ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጎረቤቴ ፍቃዱ ደግሞ ጉዳዩን ስለማያውቅ በየቀኑ ይቀልድብኛል። ሸማ ተራ ተወልዶ ለሽርሽር የሄደ ሰው አይቼ አላውቅም፣ አንተ ላንጋኖ እንኳ ሄደህ ታውቃለህ ይለኛል። እሳት የሚተፋ ተራራ ነው ሲሉት፣ እሳት ለማየት ነው እንዴ ፕላን የምትሳፈረው፣ መርካቶ በየዓመቱ ይቃጠል የለ፣ እዚሁ ታገስ እንጂ አለ። ሱቁ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ደግሞ ሌሎቹ፣ አሮጊት እናት ይዞ በፕላን የሚሄድ ሰው ለሕክምና ካልሆነ ለምን ይሄዳል ብለው እማዬ ታማለች የሚል ወሬ አነሡ። ባለፈው ሳምንት የሸማ ተራ ሴቶች ብርቱካን ይዘው እማዬን ሊጠይቁ መጡ። እማዬ ተቀብላ አስተናገደቻቸው። ሲወጡ ጠርታ፣ የደበቃችሁኝ በሽታ አለብኝ ወይ አለችኝ። ወላሂ የለብሽም አልኳት። አንተማ መደበቅ ለምደሃል አለች።

ተራራውንም ትፈራዋለች። ነጅሚያ በስልክ ፈልጋ እሳት ሲፈስ የሚያሳይ ቪዲዮ አሳየቻት፤ የሌላ አገር ነው ብላት አታምነኝም። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ አመድ ተፍቶ የሰዉን የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ እንዳበላሸው ሀፍሷ ራሷ ነግራታለች። ከላይ እሳት፣ ዙሪያው ውሃ፣ ሰው እንዴት ብሎ ነው እዚያ እንቅልፍ የሚወስደው ትላለች። ግን አልሄድም አላለችም። እኔ ለሽርሽር አይደለም የምሄደው፣ ተራራው የራሱ ጉዳይ አለች። ሻንጣዋን ከወር በፊት ነው ያሰናዳችው። ከላይ ለሕፃኑ የገዛችው ልብስ አለ፤ ከስር የአባባ ኮፍያና መቁጠሪያው ሙስበሃ አለ፣ ለሀፍሷ ልትሰጣት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለሰኞ ጠዋት ሀፍሷን የሚይዟት ሴቶች ያስፈልጉ ስለነበር፣ ለቡርሃን ከጎረቤቶቻችሁ አራት አምስት ሴቶች በማለዳ እንዲመጡ ንገር፣ ለምን እንደሆነ ግን አትንገር አልኩት። ቡርሃን እንዳልኩት አደረገ። ሴቶቹ ግን ከባህር ማዶ ቤተሰብ ይመጣል፣ በማለዳ ኑ ሲባሉ ድግስ መሰላቸው። ሀፍሷን ገበያ ላይ አግኝተው፣ ምን ዓይነት ልብስ እንልበስ፣ ምን ሠርተን እንምጣ ብለው ጠየቋት። ሀፍሷ እኛ ያሳደግናት ልጅ ናት፤ ሴቶች በማለዳ የሚጠሩት ለምን እንደሆነ ታውቃለች።

ረቡዕ ዕለት በሱቁ ስልክ ደወለች። ብቻህን ነህ ወይ አለችኝ። ፍቃዱን ሱቁን እይልኝ ብዬ ወደ ኋላ ወደ ዕቃ ክፍሉ ገባሁ። ልጁ ስም አለው አለችኝ። ማን አላችሁት አልኳት።

«ሀያቱ» አለች። «ከሰባተኛው ቀን ጀምሮ ሀያቱ ነው። ማሙሽ የምንለው ለእናንተ ነው።»

በቤታችን በሕይወት ያለ ሰው ስም ለልጅ እንደማይወጣ ለአንተ አልነግርህም። ቡርሃን ነው የነገረሽ አልኳት። እሱ ምንም አላለኝም፣ እኔ እንደማውቅ እሱም አያውቅም፣ ስሙን ለአባባ ካለኝ ናፍቆት ያወጣሁት መስሎታል አለችኝ። የነገረቻት እማዬ ናት፣ ሳታውቅ። የካቲት ላይ በስልክ ሲያወሩ እማዬ፣ አባትሽ ሰላም ብሎሻል አለቻት። «ጋሼ፣ እማዬ የአባባን ሰላምታ ስታደርስ ሰምተህ ታውቃለህ? አባባ ሰላምታውን ራሱ ነው ከመደቡ ላይ ሆኖ የሚጮኸው» አለችኝ። በዚያው ቀን ገባኝ አለች። አልጋ ላይ ስለነበረች ለልጁ ብላ ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ የእኛን ውሸት አንድ በአንድ ተቀብላ ስታስታምመን ኖራለች። የጫማ ቁጥር ስትጠይቀኝ፣ ሽርሽር ስታቅድ ሁሉ ታውቅ ነበር።

እንግዲያው ከእማዬ ጋር አገናኝሻለሁ፣ ይብቃ አልኳት። እምቢ አለች። ያለችኝን እንዳለችው እጽፍልሃለሁ።

«ሰኞ ከነገራችሁኝ ቤቱ ለቅሶ ቤት ነው። እማዬ እንደገና ትቀመጣለች፤ ባህሩን እንኳ ቀና ብላ ሳታይ ትመለሳለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ላይ መርካቶ ከገባች ጀምሮ ከመርካቶና ከወራቤ ሌላ የት ሄዳ ታውቃለች? አራት ቀን ስጡኝ። ሐሙስ ተራራው ላይ ላውጣት። ዓርብ ጠዋት ንገሩኝ፣ ያኔ አለቅሳለሁ። እስከዚያ እንዳትነግሩኝ።»

እሺ አልኳት። ግን እሺ ማለቴ ምንም አልፈየደም። እማዬ ሰኞ ብላለች፤ ከሰኞ ወዲያ አንድ ቀን አላሳድርም ትላለች። ልጄ እየሳቀች ስታስጎበኘኝ እኔ አባቷን በሆዴ ይዤ አልዞርም፣ ይህ ግፍ ነው ትላለች። እውነቷን ነው። ሀፍሷ እንደምታውቅ ብነግራት ደግሞ፣ ልጇ እርጉዝ ሆና አልጋ ላይ ብቻዋን እንዳለቀሰች ትሰማለች፤ ያን ደግሞ ትሸከመው ይሆን ብዬ እሰጋለሁ። ከዚያ ወዲያ ሽርሽር የሚባል ነገር አይኖርም። በመካከል ቆሜ ለሁለቱም እየዋሸሁ ነው። ሰዓደት እንኳ ገና አልሰማችም።

ስለዚህ ከአንተ የምፈልገው ይህን ነው። እማዬ የእኔን ቃል ትሰማለች፣ የአንተን ግን ትቀበላለች። መታወቂያ ወረቀትህ መምጣት ባያስችልህም በስልክ ልትረዳን ትችላለህ። ከእሑድ በፊት ደውልላትና ከሰኞ ይልቅ ዓርብ ይሁን በላት። ሕፃኑ ገና ሁለት ወር አልሞላውም፤ ድንገት ከሰማች ወተቷ ይነጥፋል፣ መጀመሪያ ጥቂት ቀን እናቷን አይታ ትረጋጋ በላት። ይህን ትቀበላለች፤ ለልጅ ብላ የማትታገሠው ነገር የለም። ሀፍሷ ታውቃለች እንዳትል። ለቡርሃንም እነዚያ ሴቶች ለዓርብ እንዲመጡ፣ እማዬም ባለችበት ሕፃኑን ማሙሽ እንጂ በስሙ እንዳይጠራ እኔ እነግረዋለሁ። ሀፍሷ የለመደችውን ትችላለች። እኔ የምፈራው ራሴን ነው። ሐሙስ ተራራው ላይ እማዬ ባህሩን እያየች ስታደንቅ፣ ሀፍሷም ጎኗ ቆማ ስታሳያት ፊቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም። ሰዓደት ፊትህ ዘጋቢ ነው ትለኛለች።

አስበህበት ካልመሰለህ በሙስዓብ በኩል ጻፍልኝ። ትክክል አይደለም የምትል ከሆነም ንገረኝ፤ አልቀየምህም። እኔ ራሴ ልክ መሆኑን አላውቅም።

እማዬ በየሶላቱ ዱዓ ታደርግልሃለች፤ ጉልበትህን በሞቀ ዘይት እሸው ብላሃለች። ሰዓደት እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሃለች፤ የላክህላት ሻርፕ ደርሷታል። ነጅሚያ ከደሴቱ ጥቁር ድንጋይ አመጣለታለሁ ብላለች፤ ሻንጣ ከባድ ይሆናል ብላት አልሰማችም። አጎቴ ሸምሱ ምንም ቢቆጡኝ ለአንተ ሰላምታ መላክ አልረሱም። ለኃይለየሱስ ከሁላችንም የከበረ ሰላምታ አቅርብልኝ፤ ያን ጠዋት በርህ ላይ ስለቆመ ውለታው አለብን። አብረውህ ላሉት የአገር ልጆችም ለየስማቸው ሰላም በልልኝ።

ለሀፍሷ ስትደውል ስለ አባባ ከጠየቀችህ፣ አገር ቤት ነው፣ ደህና ነው በላት። እስከ ዓርብ ድረስ እንዲህ ነው መስማት የምትፈልገው።

ወንድምህ
ባህረዲን ሀያቱ
አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሸማ ተራ
ግንቦት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.